በኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚሄድ ኢንተርኔት፤ የሣጥኑ ቍጥርና የቤቱ እውነት

ማናቸውም አዲስ ጥበብ ወደ አንድ አገር ሲገባ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይገባል፤ አንደኛው ጥቅሙ ነው፥ ሁለተኛውም ስለ ጥቅሙ የሚነገረው ወሬ ነው። ጥቅሙ በሥራ እየተፈተነ ቀስ በቀስ የሚታወቅ ሲሆን፥ ወሬው ግን ከጥቅሙ ቀድሞ በየገበያው ይዳረሳል። አስተዋይ የሆነ ሰው ጥቅሙን ሳይንቅ ወሬውን ይመረምራል፤ ያላስተዋለ ሰው ግን ወይ ወሬውን ሁሉ አምኖ ገንዘቡን ያጠፋል፥ ወይም አንድ ጊዜ በወሬ ስለ ተታለለ እውነተኛውን ጥቅም ጭምር ይጠላል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

በዛሬው ጊዜ ይህ ነገር ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ፥ በገበያ ስሙ ፓወርላይን አዳፕተር የሚባለው መሣሪያ ነው። ሥራው ኢንተርኔትን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አሳልፎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማድረስ ነው። ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፤ አንደኛው በሞደሙ አጠገብ ካለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከሞደሙ ጋራ በአጭር የኔትወርክ ገመድ ይያያዛል፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት በተፈለገበት ክፍል ውስጥ በሌላ ሶኬት ላይ ይሰካል። በመካከላቸው አዲስ ገመድ አይዘረጋም፤ ግድግዳም አይበሳም። አምፖሉን የሚያበራው ሽቦ ራሱ መልእክተኛ ይሆናል።

የዚህ መሣሪያ አስፈላጊነት ከቤቶች አሠራር የመጣ ነው። ዋይፋይ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ በአየር የሚሄድ ስለ ሆነ ግድግዳ በገጠመው ቍጥር ይደክማል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፥ በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ፥ ብረት የተዘረጋበት የኮንክሪት ወለል፥ ይልቁንም ቆርቆሮ፥ ሞገዱን እጅግ ያዳክሙታል። ከዋይፋይ ሞገዶችም ፈጣኑ፥ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው፥ ከቀርፋፋው ከ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። ስለዚህ በሳሎን ውስጥ ፈጣን የነበረው ኢንተርኔት ሁለት ግንብ አልፎ ወደ ጓዳ ሲደርስ የሞተ ያህል ይሆናል።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ግቢዎች ዋናውን ቤት ከፊት፥ ሰርቪስ ቤቱን ከኋላ አድርገው የተሠሩ ናቸው። ሞደሙ የሚቀመጠው መሥመሩ ከመንገድ በሚገባበት በሳሎን ነው፤ ተማሪው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጠናው፥ የሚያድረውም በሰርቪስ ቤት ነው። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ፥ የፈተናው ምዝገባ በኢንተርኔት የሚፈጸም ሲሆን፥ ልጁ ሞገዱን ፍለጋ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳ ላይ ብርድ ሲመታው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አባቱም ይህን አይቶ ከወር ደመወዙ ቀንሶ፥ በሣጥኑ ላይ 1000 ወይም 2000 የሚል ቍጥር የተጻፈበትን መሣሪያ ይገዛለታል። እንግዲህ የጉዳዩ ክብደት ከዚህ ላይ ነው፤ የተገዛው ነገር የደከመ ሰው ገንዘብ ነውና፥ የሚጠበቀውም የልጅ ዕውቀት ነውና።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ወሬውን ከእውነቱ ለመለየት ይረዳል። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። መሣሪያው በዚሁ ሽቦ ላይ የሚጨምረው ምልክት ግን በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ ጀምሮ እስከ 30 ሚሊዮን ጊዜ ያህል፥ በአዳዲሶቹም ዘንድ እስከ 86 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ረቂቅ ነገር ነው። ከበሮና ጸናጽል በአንድ ቅኔ ማሕሌት፥ በአንድ አየር ውስጥ በአንድነት ይሰማሉ፤ ነገር ግን የከበሮው ድምፅ ወፍራም፥ የጸናጽሉ ድምፅ ቀጭን ስለ ሆነ ጆሮ አንዱን ከሌላው አያደናግርም። እንደዚሁም ኃይሉ እንደ ከበሮ፥ መልእክቱ እንደ ጸናጽል ሆነው በአንድ ሽቦ ይሄዳሉ፤ መሣሪያውም ጸናጽሉን ብቻ ለይቶ ይሰማል። መልእክቱንም በአንድ መንገድ አይልክም፤ ወደ ሺህ በሚጠጉ ቀጫጭን መንገዶች ከፋፍሎ፥ ጥርት ባለው መንገድ ላይ ብዙ፥ ሁከት ባለበት ላይ ጥቂት ያስጭናል፤ ጭራሽ የታወከውንም ይተወዋል። የፍጥነቱ መለዋወጥ ምክንያቱ ይህ ነው።

አሳቡ የትናንት አይደለም። በአሜሪካ ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ዋና አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ጆርጅ ስኳየር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ዋየርድ ሬድዮ የሚባለው ኩባንያ እንዲቋቋም ምክንያት ሆነው ነበር፤ ዓላማውም ሙዚቃንና ወሬን በኤሌክትሪክ መሥመር ወደየቤቱ ማድረስ ነበር፤ ይኸው ኩባንያ በ1934 ሚውዛክ የሚል ስም ወጣለት። በ1975 ደግሞ በስኮትላንድ የሚገኝ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ድርጅት፥ በቤት ሽቦ ላይ ትእዛዝ ልኮ መብራትን የሚያበራና የሚያጠፋ፥ ኤክስ 10 የተባለ ዘዴ አወጣ። ለኮምፒዩተሮች የሚሆነው ግን የተስፋፋው ሆምፕላግ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር በ2000 ከተመሠረተ በኋላ ነው። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ደንብ በሴኮንድ 14 ሜጋ ቢት ሲል፥ በ2005 የወጣው ኤቪ የተባለው 200 አለ፤ በ2010 አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 1901 የተሰኘውን ደንብ አጸደቀ፤ በ2012 የወጣው ኤቪ 2 ደግሞ ቍጥሩን ከ1000 በላይ አደረሰው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ጂ ኤች ኤን የሚባል ሌላ ደንብ አውጥቷል። ሁለቱ ደንቦች በአንድ ቋንቋ የማይነጋገሩ ስለ ሆኑ፥ የአንዱን መሣሪያ ከሌላው ጋራ ማጣመር አይቻልም።

ከ14 ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ከ1000 በላይ መድረስ የሚያስመሰግን እድገት ነው። የሆነ ሆኖ ይህ ቍጥር በሣጥኑ ላይ የተጻፈ እንጂ በቤቱ ውስጥ የሚገኝ አይደለም። ስለ ምን ቢባል፥ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው።

አንደኛ፥ በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው በሽቦው ላይ የሚመላለሰው ምልክት ሁሉ በአንድነት ተቈጥሮ ነው። ምልክቱ በደኅና መድረሱን ለማረጋገጥ፥ የተበላሸውን ደግሞ ለመላክ፥ ተራ ለመያዝም የሚጠፋው ሁሉ ከቍጥሩ አይቀነስም። እህል ሻጭ ገለባውን ከእህሉ፥ ጆንያውንም ከገለባው ጋራ መዝኖ ይህ ሁሉ ጤፍ ነው እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በመልካም ቤት እንኳ የሚገኘው እውነተኛ ፍጥነት ከሣጥኑ ቍጥር ግማሽ እምብዛም አያልፍም፤ በብዙ ቤቶችም ሲሶው ወይም ሩቡ ከተገኘ እንደ ደኅና ይቈጠራል።

ሁለተኛ፥ መሄጃና መመለሻው አንድ መንገድ ነው። አንዱ መሣሪያ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ሦስት ወይም አራት መሣሪያዎች በአንድ ቤት ከተሰኩ ሁሉም በተራ ይናገራሉና፥ ቍጥሩ ለእያንዳንዱ የሚሰጥ ሳይሆን ለሁሉም የሚከፋፈል ነው።

ሦስተኛ፥ 500 ወይም 600 ተብለው ከሚሸጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳቸው በሴኮንድ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ አያሳልፍም። ጋኑ ትልቅ ሆኖ አፉ የጠበበ ቢሆን፥ የሚቀዳው በአፉ ልክ እንጂ በሆዱ ልክ አይደለም። ይህንን ሣጥኑ በትልቅ ፊደል አይናገርም፤ በጀርባው በደቃቃ ፊደል ተጽፎ የሚፈልገው ሰው ብቻ ያገኘዋል።

አራተኛ፥ ቢትና ባይት የተለያዩ ናቸው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሚሆን፥ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚሄድ መሥመር በሴኮንድ የሚያወርደው 12 ሜጋ ባይት ተኩል ነው። ይህ ማታለል ባይሆንም፥ ያላወቀ ገዢ በስምንት እጅ ተታለልሁ ብሎ ያዝናል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ይህ መሣሪያ ኢንተርኔትን አይወልድም፤ ከውጭ የመጣውን ብቻ ከክፍል ወደ ክፍል ያደርሳል። አንድ ቤት ከቴሌ የሚቀበለው 10 ሜጋ ቢት ከሆነ፥ የቤት ውስጥ መሣሪያው 2000 ቢባልም ከ10 የሚበልጥ ወደ ቤቱ አይገባም። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል። በሌላ ወገን ደግሞ ይህ እውነት የሚያጽናና ነው። ጥርት ያለ ፊልም ለማየት በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት ያህል፥ እጅግ ጥርት ያለውን 4ኬ የሚባለውን ለማየት 25 ያህል ይበቃል፤ ለትምህርት የሚሆን የምስል ጥሪ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ይፈልጋል። ስለዚህ የቤቱ ሽቦ ከሣጥኑ 1000 ውስጥ 60 ብቻ ቢሰጥ፥ ለሚማረው ልጅ ተርፎ ይበቃዋል። እንግዲህ ጥፋቱ 60 መሆኑ አይደለም፤ 1000 ነው ተብሎ መሸጡ ነው።

ፍጥነቱ ከየት እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄም እንደዚሁ በወሬ የተሸፈነ ነው። በብዙ ሣጥን ላይ 300 ሜትር የሚል ይነበባል። ይህ የሽቦ ርዝመት ነው እንጂ የቤት ስፋት አይደለም። በአንድ ግድግዳ የተለያዩ ሁለት ክፍሎች በእግር ሲሄዱ አራት ሜትር ቢራራቁ፥ ሽቧቸው ግን ከአንዱ ሶኬት ተነሥቶ ወደ ጣሪያ ወጥቶ፥ እስከ ብሬከሩ ሣጥን ሄዶ፥ ከዚያም በሌላ መሥመር ተመልሶ ወርዶ እስኪገናኝ 40 ሜትር ሊፈጅ ይችላል። በየመገናኛው ሣጥን ያለው ቋጠሮ፥ የላላውም ጫፍ ምልክቱን እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ብሬከር ሥር ያሉ ሶኬቶች ስለዚህ ከሁሉ ይሻላሉ፤ ሁለት ብሬከር ማለፍ ያደክማል። ሦስት ፌዝ ወደ ገባበት ቤት ሲሆን ደግሞ፥ ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከዋሉ ምልክቱ እጅግ ሊዳከም ወይም ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው መስሎት ወደ ሱቅ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም።

በየቤቱ የሚደረግ አንድ ስሕተት በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን በስታቢላይዘር በኩል ይሰካል፤ ጥንቃቄውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ስታቢላይዘርና ማዕበል የሚከላከሉ ማከፋፈያዎች በሽቦው ላይ ያለውን እንግዳ ርግብግቢት ብዙ ጊዜ ስለሚያግዱ፥ የኢንተርኔቱን መልእክት ከጠላት ጋራ ቈጥረው ያዳክሙታል ወይም ያጠፉታል። በዲቫይደር ላይ ከሦስት ቻርጀር ጋራ ተጨናንቆ የተሰካ መሣሪያም ደካማ ይሆናል። ስለዚህ ፓወርላይኑ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ስታቢላይዘሩም የራሱን ሥራ በሌላ ሶኬት ይሥራ።

ጊዜም ራሱ ፍጥነትን ይለውጣል። በማለዳ ጸጥ ባለ ቤት የተለካው ፍጥነት ከምሽቱ አይደለም። የስልክ ቻርጀሮች፥ ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች፥ ብርሃን መቀነሻዎች፥ ሞተር ያላቸው መፍጫዎችና መጥረጊያዎች በሽቦው ላይ ሁከት ያሰማሉ። በገበያ ቀን በጩኸት መካከል ቆሞ ጸናጽል ለመስማት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የሚፈትን ሰው ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ፥ መብራቱ ሁሉ በርቶ ባለበት በምሽት ይፈትነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከኢንተርኔት የሚበልጥ ነገር ነው። ኤቪ 2 የተባሉት አዳዲስ መሣሪያዎች ትልቁን ቍጥራቸውን የሚያገኙት ሦስቱን ሽቦዎች፥ ማለት ፌዙን፥ ኒውትራሉንና ኧርዝ የሚባለውን የመሬት ሽቦ በአንድነት በመጠቀም ነው። ኧርዝ በሌለበት ቤት ይህ ተጨማሪ መንገድ ይዘጋል፤ መሣሪያውም ወደ አሮጌው አሠራር ይመለሳል። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ የኧርዝ ብረት እያለው ከኋላው የተያያዘ ሽቦ የለም፤ ወይም ሽቦው እያለ ወደ መሬት የተቀበረ ዘንግ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ በጥድፊያ የተሠራ ቤት ጕድለቱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ነገር ግን የመሬት ሽቦ የተፈጠረው ለኢንተርኔት አይደለም፤ የዕቃ ብረት በኤሌክትሪክ ሲነካካ ሰውን እንዳይገድል ነው። እንግዲህ አንድ አባወራ ኢንተርኔቱ ለምን እንደ ዘገየ ሲመረምር ቤቱ ኧርዝ እንደሌለው ቢያውቅ፥ ስለ ፍጥነት የጀመረው ምርመራ የልጆቹን ነፍስ ለመጠበቅ ምክንያት ይሆነዋል። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ስለ ኢንተርኔቱ ከመጨነቅ አስቀድሞ ሽቦውን የሚያውቅ ባለሙያ ጠርቶ ማስመርመር ይገባል።

ሽቦ የጎረቤትን ወሰን አያውቅም። በብዙ ግቢዎች ባለቤቱና ተከራዮቹ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ቤት የተሰካው መልእክት በሌላው ቤት ሶኬት ላይ ይገኛል። ይህ በፈቃድ ሲሆን በጎ ነው፤ ባለቤቱ አንድ መሥመር አስገብቶ ለተከራዩ በዚሁ መንገድ ሊያካፍል ይችላል። ቆጣሪ መለየትም ምልክቱን ያዳክመዋል እንጂ ሁልጊዜ አያግደውም። መሣሪያዎቹ መልእክታቸውን በ128 ቢት ቍልፍ ሰውረው ይልካሉ፤ ነገር ግን ኤቪ የተባሉት ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዐይነት የታወቀ የይለፍ ቃል ይዘው ስለሚወጡ፥ ቍልፉ ካልተለወጠ በሩ እንደ ተከፈተ ይቈጠራል። በመሣሪያው ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቍልፍ አስቀድሞ በአንደኛው፥ ከዚያም በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሁለተኛው ላይ መጫን አዲስ ምስጢር ያወጣላቸዋል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ የቤተ ሰብን ምስጢር ይጠብቃል።

እንደዚሁም የቤት ሽቦ ለመልእክት ተብሎ ያልተሸፈነ ስለ ሆነ እንደ አንቴና ይረጫል። የሚጠቀምበት ርግብግቢት ደግሞ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከሚሄድበት ጋራ አንድ ነው። የአውሮጳ አገሮች በ2013 በወጣ ደንብ እነዚህ መሣሪያዎች የራዲዮ ወዳጆችን የሞገድ ክፍሎች እንዲተዉ ያደረጉት ስለዚህ ነው። በአጭር ሞገድ ወሬ የሚያዳምጥ አረጋዊ ጎረቤት ራዲዮው በድንገት ቢያጕረመርምበት፥ ምክንያቱ ከአጠገቡ የተሰካው መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ለጕርብትና ሰላም ይጠቅማል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ አልፈው፥ ኤሌክትሪክ በገባበት ሁሉ ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ከጣቢያው ጀምሮ ለምን አይመጣም ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ተሞክሮም ያውቃል። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ማናሰስ የምትባል ከተማ በ2005 ለከተማው ሕዝብ ሁሉ በኤሌክትሪክ መሥመር ኢንተርኔት መስጠት ጀምራ በብዙ ተወድሳ ነበር። ነገር ግን የራዲዮ ወዳጆች አቤቱታ በዛ፤ ወጪው ከገቢው ሊመጣጠን አልቻለም፤ በመጨረሻም የቀሩት ጥቂት መቶ ደንበኞች ብቻ ስለ ነበሩ በ2010 አገልግሎቱ ተዘጋ። በሌላ ወገን ግን በኢጣልያ ኤኔል የሚባለው ድርጅት ከ2001 ጀምሮ በ30 ሚሊዮን ያህል ቤቶች የተከላቸው ቆጣሪዎች ሒሳባቸውን በዚያው ሽቦ በዝግታ እየላኩ በሚገባ ሠርተዋል። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለጥቂት መልእክት ረጅም መንገድ፥ ለብዙ መልእክት ግን አጭር መንገድ ብቻ ይሆናል። ከከተማ እስከ ቤት ድረስ ያለውን ሥራ ለፋይበሩ መተው ይገባል።

ሊረሳ የማይገባው ሌላ ነገር፥ መብራት ሲጠፋ ይህ መንገድ ከመብራቱ ጋራ አብሮ መጥፋቱ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረው፥ ሞደሙም በመጠባበቂያ ኃይል ቢበራ፥ በሽቦው ላይ የተሰኩት ሁለቱ መሣሪያዎች ግን ይሞታሉ። መብራት በሚቈራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን አስቀድሞ ይቍጠረው። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚላክለትም ሰው፥ መሣሪያው ለ110 ቮልት ብቻ ያልተሠራ፥ እስከ 240 ቮልት የሚችል መሆኑን በጀርባው ካለው ጽሑፍ ያረጋግጥ፤ አለዚያ የወዳጅ ስጦታ በአንድ ደቂቃ ጢስ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በወፍራም ግንብ ለተከፈለ ቤት፥ ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ፥ በሰርቪስ ቤት ለሚያጠና ተማሪ፥ በጥቂት ወጪና በአሥር ደቂቃ ሥራ የተረጋጋ መሥመር ይሰጣል። ፍጥነቱም ከሣጥኑ ቢያንስ፥ በግድግዳ ከተሸነፈ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ለሚሠራው ሥራ ልክ ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ በማይሠራው ሊመሰገን አይገባውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገዢው ከመግዛቱ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የቀዳዳው ፍጥነት 100 ነው ወይስ 1000? መሣሪያው የየትኛው ደንብ ነው? ካልሠራ በስንት ቀን ይመለሳል? ከገዛም በኋላ አስቀድሞ በሞደሙ አጠገብ ኮምፒዩተሩን በገመድ አያይዞ ከውጭ የሚመጣውን ይለካ፤ ቀጥሎ በሩቁ ክፍል በመሣሪያው በኩል ይለካ። ሁለቱ ቍጥሮች ከተቀራረቡ መሣሪያው ሥራውን ፈጽሟል፤ ትልቅ ቍጥር ያለውን ሌላ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እጅግ ከተራራቁ ግን ሌላ ሶኬት ይሞክር፤ እንቢ ካለም ይመልስ።

ሻጩ ደግሞ እውነቱን ይናገር። መጽሐፍ ቅዱስ ሐሰተኛ ሚዛንን አጥብቆ የሚኰንነው ስለ ቁናና ስለ እንቅብ ብቻ አይደለም፤ ሜጋ ቢትም ሚዛን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ አስመጪዎች የቀዳዳውን እውነተኛ ፍጥነትና ኧርዝ በሌለበት ቤት ቍጥሩ የሚቀንስ መሆኑን በአማርኛ ጽፈው በሣጥኑ ላይ ቢለጥፉ፥ ለገዢው ፍትሕ፥ ለራሳቸውም መታመን ይሆናል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሆነ ደረጃ የሚያወጡት መሥሪያ ቤቶች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ሳይቈጥሩ ቢያስገድዱ፥ የሕዝብ አገልጋይነታቸውን በቤት ውስጥ ያሳያሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቤት ሠሪዎች ነገር ነው። ኤሌክትሪክ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲበራ የአንድ ግቢ ብርሃን ነበር። ዛሬ 5150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፥ ወደፊት ሽቦ የሚዘረጋባቸው ቤቶች ከተዘረጋባቸው የሚበዙ ናቸው። እነዚህ ቤቶች ገና ሳይለሰኑ ከኤሌክትሪኩ ቱቦ ጐን አንድ ሌላ ባዶ ቱቦ ቢቀበርላቸው፥ በውስጡ የሚያልፍ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ 1000 ሜጋ ቢት ሳያጓድል ያደርሳል፤ ፌዝ አያግደውም፥ የቻርጀር ሁከት አይነካውም፥ ለጎረቤትም አይረጭም። የባዶው ቱቦ ዋጋ ግድግዳው ሳይለሰን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን ግንብ ማፍረስ ነው። ኧርዙም በዚያው ጊዜ በሚገባ ቢተከል ቤቱ ለነፍስም ለዕውቀትም የተዘጋጀ ይሆናል።

ፓወርላይን የሚባለው መሣሪያ እንግዲህ ቱቦ ላልተቀበረላቸው ቤቶች መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ መጠኑ በእውነት ሲነገር ያድናል፥ በሐሰት ሲነገር ግን ያስታምማል። ሻጩ በትክክለኛ ሚዛን ቢሸጥ፥ ገዢውም ለክቶ ቢገዛ፥ ሠሪውም አስቀድሞ አስቦ ቢሠራ፥ በረንዳ ላይ በብርድ የሚማረው ልጅ ወደ ክፍሉ ይገባል። የሥልጣኔ ትርጓሜም ዕቃውን ማስገባት ብቻ ሳይሆን ዕቃው ለሰው እንዲጠቅም ማድረግ ነው።